«የትም ይሁን» ላሉት እናትዎ የት ይሻላል?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ሐምሌ ውስጥ ስድስት ቀን አግኝተው ቤተሰቡን ይዘው ሊወጡ አስበዋል። ሚኒባስ ከነሾፌሩ ይከራያሉ። መልእክታቸውን አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ስምንት ሰው ነን። ባለቤቴ የጂቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ የሚፈልገው መተኛት ብቻ ነው። ትልቁ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ካልዋኘ ጉዞ የሄደ አይመስለውም። የ9 ዓመቷ ልጄ እንስሳት ማየት ትወዳለች። ትንሹ ገና 3 ዓመቱ ነው። ወንድሜ ባለፈው ጥር ነው ያገባው። ‹ባሌ ተራራ ካልሄድን› ብሎ አስጨንቆናል፤ ሚስቱ ግን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እኔ ደግሞ አርባ ምንጭን ማየት የዘመናት ምኞቴ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ደም ግፊትም አለባት። እሷ ‹የትም ይሁን፣ እናንተ ካላችሁ ይበቃኛል› ነው የምትለው። ወቅቱ ደግሞ የዝናብ ነው። ሁላችንንም የሚያስማማ ቦታ ይኖር ይሆን?»

እህቴ፣ መልሱን መጀመሪያ ልስጥዎት፤ ምክንያቱን አስከትላለሁ። መኝታችሁን ሐዋሳ አድርጉ። አምስቱንም ሌሊት እዚያው እደሩ። ሻንጣ አንዴ ፍቱ፣ አንዴ እሰሩ። የምታዩትን ሁሉ ጠዋት ወጥታችሁ እዩና ምሳ ላይ ተመለሱ። ባሌ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። አርባ ምንጭን ግን ከእርስዎ ላይ አልነጥቅም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ሐዋሳ የምኖር አስጎብኚ ነኝ። ቤተሰብ ይዤ መዞር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆኖኛል። የከተማዬን ስም ያነሳሁት ግን አገሬ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ለእናንተ ስምንት ሰዎች፣ በዚህ ወር፣ ከአዳማ ተነስታችሁ ሲታሰብ ሒሳቡ ወደዚህ ያመዝናል። ሒሳቡን ላሳይዎት።

የክረምት ጉዞ የጠዋት ጉዞ ነው። በሐምሌና በነሐሴ በእኛ አካባቢ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ነው። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ መሬቱ ይሞቃል፣ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ ደመና ይሠራል፣ ከ8 እና ከ9 ሰዓት በኋላ ያወርደዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ አድሮ ረፋዱም የሚበላሽበት ቀን አለ። አብዛኛው ቀን ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ያለው ጊዜ የእናንተ ነው።

እንግዲህ ይቁጠሩት። ስድስት ቀን ማለት ስድስት ጠዋት ነው። መሄጃና መመለሻው ሁለቱን ይወስዳል። አራት ይቀራል። በየሌሊቱ አዳር የሚቀይር ቤተሰብ እነዚያን አራት ጠዋቶች ሻንጣ በማሰርና በመንገድ ላይ ይጨርሳቸዋል። አዲሱ ከተማ የሚደርሰው ዝናቡ ሲጀምር ነው። ከዚያ ስምንት ሰው ሁለት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መስኮት ያያል። የ3 ዓመት ልጅ ያለው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ስለዚህ አንድ ቦታ ለክረምት ይሆናል አይሆንም የምለው በአንድ መለኪያ ነው። ከአልጋ ተነስቼ በግማሽ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ደስ የሚል ነገር ጋ እደርሳለሁ ወይ? ለሽማግሌውም፣ ለሕፃኑም፣ ለጎረምሳውም? ሐዋሳ ይህን ታሟላለች። ሐይቁ ከተማው ውስጥ ነው። ታቦር ተራራ ከተማው ውስጥ ነው። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደልም እዚያው ነው።

ስለ ዝናቡም አንድ ነገር ላንሳ። ክረምት ሲባል አገሩ ሁሉ እኩል የሚዘንብበት ይመስለናል። ዝናብ የሚያመጣው የደመና መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መካከለኛው፣ ምዕራቡና ሰሜኑ ክፍል ላይ ይከብዳል። የደቡቡ ጫፍ ግን ዋና ዝናቡን የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ይደግመዋል። ቦረናዎች የእኛን ክረምት አዶሌሳ ይሉታል፤ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ወቅታቸው ነው። ኮንሶና አርባ ምንጭም ወደዚያ ያደላሉ። ሐዋሳ መሐል ላይ ናት። ዝናቧ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ተበታትኖ ነው የሚወርደው። ለዚህ ነው በሐምሌ የእኛ ዝናብ ከአዲስ አበባው ወደ ግማሽ የሚጠጋው። እርስዎ አርባ ምንጭን መመኘትዎ እንግዲህ በወቅቱም ልክ ነዎት።

ሌላው ከፍታ ነው። አዳማና ሐዋሳ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የእናትዎ ሰውነት ልዩነቱን አያውቀውም። ብርዱም፣ ትንፋሹም፣ ደም ግፊታቸውም የለመደው ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ግን በየ1,000 ሜትሩ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ባሌ ላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አዳማ በሸሚዝ የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ 14 ዲግሪ ያህል ጠፍቶበታል ማለት ነው። ያውም ያለ ዝናብና ያለ ነፋስ።

ባሌን የከለከልኩት ስለማልወደው እንዳይመስልዎት። ከአገራችን ተራሮች እንደ እሱ የምወደው የለም። በ1970 እ.ኤ.አ. ፓርክ ሆኖ የተቋቋመ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቦታ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ይህ ፍቅሬ ነው አንድ ጊዜ ያሳሳተኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነሐሴ ላይ እናቴን ባሌ ወሰድኳት። እሷም እንደ እናትዎ «የትም ይሁን» ብላኝ ነበር። እኔ የማውቀውን ትልቁን ነገር ላሳያት ፈለግኩ። ጎባ አደርን። በማግስቱ ሳነቴ ወጣን። ጉሙ መኪናው አፍንጫ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ጋቢዋን ደራርባ ኋላ ወንበር ላይ ራሷን ይዛለች። ድንገት አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋርጦ ከፊታችን ቆመ። ሠላሳ እርምጃ አይሆንም። «እማ! እማ! እዪው!» ብዬ ጮህኩ። ቀና አለች። «አየሁት ልጄ፣ ጎሽ» አለችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ያየችው ለእኔ ስትል ነው። ከፍተኛውን ጫፍ ቱሉ ዲምቱን ሳናይ ወዲያው ወደ ጎባ ወረድን። ከፍታ ሕመም ሲያመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

በማግስቱ ወደ ቤት ስንመለስ አዳባ አካባቢ «አቁም» አለችኝ። ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። በሩን ከፍታ ወርዳ መንገዱ ዳር ካለው የገብስ ማሳ ጫፍ ላይ ቆመች። አንድ ዘለላ ቀጠፈች። መዳፏ ውስጥ አሸችው። እፍ ብላ ገለባውን አበረረችና ፍሬውን አፏ ውስጥ ጨመረች። ከዚያ ሌላ ቀጠፈች። ባለ ማሳው ሰውዬ መጣ፤ ሰላም ተባባሉ፤ ስለ ገብሱ ማውራት ጀመሩ። ከአባቷ ቤት ከወጣች ጀምሮ የገብስ እሸት ከማሳው ላይ ቀጥፋ በልታ እንደማታውቅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን። ራስ ምታቷም የት እንደገባ አላውቅም። ገብስ ለማየት ብቻ ከሆነ ከሻሸመኔ ወጣ ብሎ ኮፈሌ ይበቃን ነበር። ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል አይፈጅም። ሳልጠይቃት ነው ያን ሁሉ መንገድ ያንገላታኋት።

እና እህቴ፣ ከምንም ነገር በፊት እናትዎን ይጠይቋቸው። «የት እንሂድ?» ብለው አይጠይቁ፤ እሳቸው «የትም» ነው የሚሉት። ቡና ሲፈላ ጠጋ ብለው «ልጅ ሆነሽ የት ነበር የምትሄዱት? የት ደርሰሽ መምጣት ትፈልጊ ነበር?» ይበሏቸው። ያኔ አንድ ነገር ይወጣል። የትውልድ መንደር ሊሆን ይችላል። የፍል ውኃ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለት ሊሆን ይችላል።

ስለት ከሆነ ደግሞ የጉዞው ቀን ራሱ ይቀየራል። ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። በዚያ ቀን ቁልቢ ብቻ ሳይሆን ሐዋሳ ገብርኤልም በሕዝብ ይጥለቀለቃል። ከአዲስ አበባም፣ ከአዳማም ሰው ይጎርፋል። በዋዜማው አልጋ ማግኘት ከባድ ነው፤ ዋጋውም ይሰቀላል። እናትዎ «ገብርኤልን መሳለም» ካሉ ጉዞውን በእሱ ዙሪያ አድርጉትና አልጋውን አሁኑኑ በቀብድ ያዙ። በሕዝቡ መሐል ለረጅም ሰዓት መቆም ግን ለጉልበታቸው አይሆንም፤ ማልዳችሁ ግቡ፣ መቀመጫ ያዙላቸው። ካላሉ ደግሞ ከ17 እስከ 20 ያሉትን ቀናት ሽሹ።

ጾሙንም አስቡ። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ፍልሰታን የሚጾሙ እናት ይዞ መሄድ ለማንም አይመችም። እሳቸው እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል አይቀምሱም፤ ልጆቹ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበሉ እሳቸው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለእናንተ የሚሆነው ከሐምሌ 6 እስከ 16 ወይም ከሐምሌ 21 እስከ 29 ነው። ከቻላችሁ እሑድ ገብታችሁ ዓርብ ውጡ። ቅዳሜና እሑድ ሐዋሳ ሠርጉም ስብሰባውም ይበዛል።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዳማ ሐዋሳ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ፈጣኑ መንገድ አለ። እሱ ሲያልቅ ባጃጁም፣ ከብቱም፣ ጋሪውም መሐል መንገድ ነው፤ ሾፌሩን አታጣድፉት። ከ12 ሰዓት በፊት ተነሱ። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቁሙና እናትዎም የወንድምዎ ሚስትም ወርደው አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ለረጅም ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥ ለሁለቱም ጥሩ አይደለም።

መሐል ላይ ላንጋኖ ግቡ። የትልቁ ልጅዎ ጉዳይ እዚህ ነው የሚያልቀው። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፤ መልኩን አይቶ ቆሻሻ ነው እንዳይላችሁ። ቀለሙ ከደለሉ ነው። ቢልሃርዝያ የሚባለው የትል በሽታ እንደሌለበት ይነገራል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን ንጹሕ መስሎ ቢታይም ቢልሃርዝያ አለበት። ተሸካሚው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው፤ የሚኖረውም ዳር ዳሩን ሣርና ቄጠማ ባለበት፣ ልጆች በሚንቦጫረቁበት ቦታ ነው። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልገውም። ጉማሬም አለ። ስለዚህ ለልጁ ከወዲሁ ቁርጡን ይንገሩት። ዋና ላንጋኖ ላይና መዋኛ ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ እግሩንም አይንከር። ላንጋኖ ላይም ቢሆን አንድ ትልቅ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቀው። 3 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ እስከ ምሳ ብትቆዩ ይበቃል። ከዚያ ዝናቡ ሳይመጣ ሐዋሳ ትገባላችሁ።

የመጀመሪያው ጠዋት የአሞራ ገደል ይሁን። ይኼ ስምንታችሁም አብራችሁ የምትሄዱበት ነው። ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ድረሱ። ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ዓሣ አራጆቹ፣ አንዳንዶቹ ጢም ያላወጡ ልጆች ናቸው፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አንስተው ቅርፊቱን በሁለት ምት ያወርዱታል። ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩት ቢላው ድምፅ የለውም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ከኋላቸው ይቆማሉ። ቁመታቸው ከእናንተ ትንሹ ልጅ ይበልጣል። ራሰ በራ፣ ክንፋቸውን እንደ ካባ አጣጥፈው፣ ወግ ያላቸው ሽማግሌዎች ይመስላሉ። አራጁ ራስና ሆድ ዕቃውን ሲወረውር ግን ወጉ ሁሉ ይፈርሳል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ነው። ሴቷ ልጅዎ ይህን አትረሳውም። ትንሹን ግን እቀፉት፤ አባ ኮዳ ምግብ ከልጅ እጅ ይነጥቃል። ጦጣዎቹም እንደዚያው ናቸው። ዛፉ ላይ ቀና ብትሉ ጉሬዛም አለ፤ ነጭ ጭራውን ዘርግቶ ሲዘል ማየት ነው።

እዚያው የዓሣ ሾርባ ጠጡ። በርበሬውና ቃሪያው ላብ ያወጣል፤ በክረምት ጠዋት ግን እሱ ነው የሚፈለገው። የወንድምዎ ሚስት የበሰለውን ብቻ ትብላ። ጥሬ ዓሣ እዚህ የተለመደ ነው፣ ይጋብዟታልም፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ረቡዕና ዓርብ እናትዎ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ይህን ቀን በሌላ ቀን ላይ አድርጉት።

ለሴቷ ልጅ አንድ ጠዋት የብቻዋ ይኑራት። ሰንቀሌ ውሰዷት። በሻሸመኔ በኩል አልፎ አጄ አካባቢ ያለ የቆርኬ መጠለያ ነው። ይህ ዓይነቱ ቆርኬ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ሰፊ ሜዳ ላይ በመንጋ ሆነው፣ ቀላ ያሉ፣ ፊታቸው ረጅም፣ ቀንዳቸው የታጠፈ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ጠባቂው ይዟችሁ ይዞራል። የመጨረሻው መንገድ ጥርጊያ ስለሆነ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ከጣለ ሚኒባስ ሊያዝ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በማግስቱ ሂዱ። እናትዎና ነፍሰ ጡሯ እዚህ መሄድ የለባቸውም፤ መንገዱ ይንጣል። እነሱ በዚያ ጠዋት ሐይቅ ዳር ይዋሉ።

ለወንድምዎ ታቦር ተራራ አለለት። ባሌን እንደማያክል አውቃለሁ። ግን ከትልቁ ልጅዎ ጋር 12 ሰዓት ላይ ቢወጡ ሐይቁም ከተማውም ከእግራቸው ሥር ይሆናል፤ ቁርስ ሳይቀርብ ይመለሳሉ። ባሌን ሕፃኑ ተወልዶ ካደገ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ይሂድበት። ያኔ በአሰላና በበቆጂ በኩል ይሂድ። ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የሮጡበትን ሜዳ እያየ ያልፋል። የፓርኩ ዋና መቀመጫ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን ከመኪና ወርዶ በእግሩ ያያል። እውነቱን ለመናገር ሚስቱን በዚህ ሁኔታ ለሦስት ቀን ትቶ ተራራ ቢወጣ እሱም ደስ አይለውም፣ እሷም።

ስለ እሷ ሁለት ነገር ልጨምር። አዳማም ሐዋሳም ወባ አለ። ነፍሰ ጡር ላይ ወባ ይበረታል። ስለዚህ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፤ ከሌለ ከቤት ይዛችሁ ኑ። ለጉዞው ከመነሳቷ በፊት ክትትል የምታደርግበት ጤና ተቋም ሄዳ ትጠይቅ። ወንዶ ገነት ፍል ውኃ እንሂድ ስትሉ ደግሞ እሷ ሙቁ ውኃ ውስጥ አትግባ። እናትዎም ደም ግፊት ስላለባቸው መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሐኪሙ ከፈቀደም ለብ ያለው ጋ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ይሁን። ከሙቅ ውኃ ድንገት ብድግ ማለት ያዞራል። ፍል ውኃ ብቻ ከሆነ ምኞታቸው ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት አያስፈልግም፤ ሶደሬ ከቤታችሁ 25 ኪሎ ሜትር ነው።

ባለቤትዎን አልረሳኋቸውም። ብዙ ሰው «ሐረርና ድሬዳዋ ውሰዱን» ይለኛል። ሐረር ለጎረምሳ ልጅ ግሩም ነው። የጀጎል ግንብ፣ 368 ጠባብ መንገዶቹ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ማየት። ለእናንተ ያላነሳሁት በባለቤትዎ ምክንያት ነው። ከአዳማ እስከ አዋሽ ያለው መንገድ የእሳቸው የሥራ መንገድ ነው። ዕረፍት ወጥቶ የሥራ መንገዱን መልሶ የሚያይ ሰው አያርፍም። መኪናውን ሌላ ሰው ቢነዳውም እሳቸው እግራቸው ፍሬን ይፈልጋል። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ሁለት ጠዋት አትቀስቅሷቸው። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። 5 ሰዓት ላይ ተነስተው ሐይቅ ዳር ቢያገኟችሁ ይበቃቸዋል።

ጀልባ የምትሳፈሩ ከሆነ በጠዋት ብቻ ይሁን። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ሐይቁ ይናወጣል። ጥቁር ውኃ በሚባለው ቦታ አካባቢ ጉማሬ ይታያል፤ ባለ ጀልባው እንዲጠጋላችሁ አትለምኑት። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ማንም አይውጣ፤ ለልጅ የሚሆን ልክ መኖሩንም በዓይናችሁ እዩ።

አልጋ ስትይዙ በስልክ «ሙቅ ውኃ አለ» መባል አይበቃም። አንድ ጊዜ አምስት ሽማግሌዎች ይዤ የሄድኩበት ሆቴል በስልክ ሁሉም አለ ብሎኝ፣ ስንደርስ ያሉት ክፍሎች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። አሳንሰሩ አይሠራም። ከአምስቱ አንዷ ሁለቱን ቀን ከክፍላቸው አልወጡም። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ምድር ቤት ክፍል አላችሁ? መታጠቢያው ደፍ አለው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ውኃውን ያሞቃል ወይስ አምፖሉን ብቻ ነው? ከክፍሉ እስከ ምግብ ቤቱ ስንት ደረጃ አለ? እናንተ እኮ የምትፈልጉት ሐይቅ የሚያይ ክፍል ሳይሆን እናትዎ ብቻቸውን ገብተው የሚወጡበት ክፍል ነው። ሐይቁን ወጥተው ያዩታል።

ስትመለሱ ለሴቷ ልጅ አንድ ነገር ይቀራታል። የአብያታና ሻላ ፓርክ መግቢያ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ሰጎንና የሜዳ ፍየል እዚያው በር አካባቢ ይታያሉ። ከፍ ካለው ቦታ ላይ ሻላን ታያላችሁ፤ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

አሁን አርባ ምንጭ። ከሐዋሳ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ሁለት ጠዋት ይበላል። ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይሞቃል፤ ወባውም ይጠነክራል። ለነፍሰ ጡሯና ለትንሹ አልመክርም። እርስዎ ግን የዘመናት ምኞቴ ነው ብለዋል፤ ይህን ቃል ዝም ብዬ አላልፈውም። ስምንት ሰው ይዘው በጥድፊያ አይሂዱበት። ለብቻው አራት ቀን ያዙለት፤ እርስዎና ትልቁ ልጅዎ ብቻ፣ ወይም ከባለቤትዎ ጋር። በሚቀጥለው ሐምሌ ቢሆን ወቅቱ ይመቻል፤ በጥርም ይሆናል። ጠዋት በጀልባ ጫሞ ላይ ውጡ፤ የአዞ ገበያ የሚሉት ቦታ ላይ አዞዎቹ ዳር ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ያያሉ። በማግስቱ ዶርዜ ውጡ። ከዚያ ሙቀት ወጥተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጋቢ ያምርዎታል። የቀርከሃውን ቤት፣ ሸማኔውን፣ ቆጮው ሲጋገር ያያሉ። ትንንሾቹን ልጆች ወንድምዎና ሚስቱ ይያዙልዎት፤ የዘንድሮው ጉዞ በእነሱ ልክ ስለተሰፋ ውለታ አለባቸው።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን የመንገዱን ሁኔታ ከዚያ አቅጣጫ ከመጣ ሾፌር ጠይቁ። ለዚህ ባለቤትዎ ከእኔ የተሻለ ሰው ያውቃሉ። የእናትዎን መድኃኒት ከስድስት ቀን በላይ የሚበቃ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ባለ ቦርሳ። ጃንጥላ ለስምንት ሰው አራት ይበቃል። ለልጆቹ ቡትስ፣ ለሁሉም አንዳንድ ወፍራም ሹራብ።

አንድ ነገር ደግሞ ሚኒባሱ ላይ ቦታ ፈልጋችሁ ጫኑ፦ ባለ መደገፊያ የፕላስቲክ ወንበር። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ሰው የሚቀመጠው ዝቅ ባለ ድንጋይ ላይ ነው። ጉልበቱን ያመመው ሰው እዚያ ላይ ከተቀመጠ ለመነሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ላለማስቸገር ሲሉም ሳይቀመጡ ይቀራሉ። ወንበሩን ዛፍ ሥር አድርጉላቸው፣ ፊቱን ወደ ውኃው።